አንገታቸውን ያላስነኩት የልብስ ሰፊው የአቶ አማኑኤል በቀለ ዜና ሕይወት

ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ከመኪና ግርግር ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ ከአቦከርና ከሸዋ በር፣ ከሩቅም አገር ሥራችሁን ጥላችሁ እዚህ የቆማችሁ ወገኖች ሁሉ፣ አቶ አማኑኤል በቀለን ወደ መጨረሻው ማረፊያቸው ከመሸኘታችሁ በፊት የኖሩትን ኑሮ ባጭሩ ትሰሙ ዘንድ ቤተሰባቸው ይለምናችኋል። ባጭሩ ይሁን እንጂ ሳይለሳለስ ነው፤ እሳቸውም ለሬሣ የሚነበብ ሽንገላ አይወዱም ነበርና።

አቶ አማኑኤል ከአባታቸው ከአቶ በቀለ ጌታነህና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት ኃይሉ ሚያዝያ 12 ቀን 1946 ዓ.ም. በሐረር ከተማ በአቦከር ሰፈር ተወለዱ። ቅድመ አያታቸው ከመንዝ ተነሥተው ሐረርን ከያዘው ዘመቻ ጋር የገቡ፣ ለመመለስ አስበው ሳይመለሱ የቀሩ ሰው ሲሆኑ፣ የልጅ ልጆቻቸውም «እኛ እኮ የመንዝ ሰዎች ነን» እያሉ፣ መንዝን አንድም ቀን ሳያዩ፣ ከሐረሪው ጎረቤታቸው ጋር ግድግዳ ተጋርተው ኖሩ። አባታቸው አቶ በቀለ ድሬሰር ነበሩ። መርፌ በመውጋት፣ ቁስል በማጠብና ስብራት በመጠገን ስማቸው ስለ ገነነ ከተማው «ዶክተር በቀለ» ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም ተዉ ብለው አያውቁም።

በነሐሴ 1955 ዓ.ም.፣ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ሲሆናቸው፣ አማኑኤል ከጎረቤት ግቢ የዘይቱና ዛፍ ላይ ወድቀው አንገታቸው ከሥራቸው ታጠፈ። የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ዘምዘም ሐረር ያከበራቸው ወጌሻ ነበሩና ሮጠው ደርሰው፣ በሁለት ጣታቸው ብቻ አንገቱን ከላይ እስከ ታች ዳስሰው፣ «ወላሂ አጥንቱ ደህና ነው። ሥጋው ውስጥ ነው የደማው። ደሙ እስኪረጋ እንዳትነኩት» አሉ። አቶ በቀለ በወጌሻ የሚታዘዙ ሰው አልነበሩም። «እናንተ ዘንድ ሕክምና ማለት መተው ነው?» ብለው ልጃቸውን አንሥተው ወደ ቤት ገቡ። የወይዘሮ ዘምዘም መልስ ከአጥሩ ማዶ ተሰምቷል፤ «አንዳንዱን መተው ነው፣ ዶክተር!»

አቶ በቀለ ከሥልጠና ዘመናቸው የተረፈ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበራቸው። የተሰበረ ክንድ ጄሶው ከወጣለት በኋላ እንዳይደርቅ በየቀኑ መንቀሳቀስ አለበት የሚለውን ምዕራፍ አውጥተው፣ ለክንድ የተባለውን ለአንገት አደረጉት፤ ጄሶ ከወጣ በኋላ የተባለውንም በወደቁ በአራተኛው ቀን ጀመሩት። በየማለዳው ልጃቸውን በርጩማ ላይ አስቀምጠው፣ የልጁን ግንባርና ማጅራት በሁለት እጅ ይዘው አንገቱን ያዞሩ ጀመር። የአሥራ አምስት ዓመቷ ታላቅ እህታቸው ትዕግሥት መጽሐፉን ታነባለች፤ ትቆጥራለችም። ወደ ግራ ሠላሳ፣ ወደ ቀኝ ሠላሳ፣ ወደ ታች ሠላሳ። «እትዬ፣ ከሃያ ወደ ሠላሳ ዝለዪ» እያሉ አማኑኤል ይለምኗት ነበር። አንድም ቀን አልዘለለችም፤ በክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ነበረች።

በሦስተኛው ሳምንት ከግራ ጆሯቸው በታች የተምር ፍሬ የምታህል ጠጣር ነገር ተዳሰሰች። መስቀል ሲደርስ እንቁላል አከለች። አባታቸው ይህ የሆነው ሥጋው ስለ ሰነፈ ነው ብለው ቁጥሩን ወደ ሃምሳ አሳደጉት፤ እናታቸው ወይዘሮ የሺመቤትም በቀን ሁለት ጊዜ በሞቀ ቅቤ አጥብቀው ያሹት ነበር። በታኅሣሥ ራጅ ሲነሡ፣ አጥንት ሊኖርበት በማይገባው ቦታ፣ በጡንቻው መካከል፣ አጥንት በቅሎ ታየ። ራጁን ያዩት የውጭ አገር ሐኪም፣ በሥጋ ውስጥ የተቋጠረ ደም ሳያርፍ ሲታሽና ሲጎተት አንዳንድ ጊዜ አጥንት እንደሚሆን ገልጸው፣ ጨርሶ እስኪበስል አንድና ሁለት ዓመት ምንም እንዳይነካ፣ ቢቆረጥም ከዚያ በኋላ እንዲሆን አጥብቀው መከሩ። አቶ በቀለ ግን ልጃቸው አንገቱን አዘንብሎ በፈረስ መጋላ አደባባይ ሲያልፍ ሰው ዞሮ የሚያየው የእሳቸውን ሥራ መሰላቸውና መታገሥ አልቻሉም። ሌላ ሐኪም ፈልገው በስድስተኛው ወር አስቆረጡት።

አጥንቱ በሦስት ወር ተመልሶ በቀለ። አሁን የመጣው የቀድሞው ሁለት እጥፍ ነበር፤ ከጆሯቸው ሥር ተነሥቶ እስከ ትከሻቸው ድልድይ ሠራና ራሳቸውን ወደ ታችና ወደ ግራ አዘንብሎ ለዘላለም አጸናው። የቀዶ ጥገናው ሐኪም ያን ጊዜ ያሉትን ቃል አማኑኤል በአሥር ዓመታቸው ሰምተው እስኪሞቱ አልረሱትም። «ሌላ ጊዜ ከተቆረጠ ወይም በኃይል ከተጎተተ ወደ መንጋጋው ይሄዳል። መንጋጋው ከተቆለፈ በጥርሱ መካከል በቀሰም ነው የምትመግቡት።» ከዚያች ቀን ጀምሮ የአቶ አማኑኤል ኑሮ ይህን አንገት ከሰው እጅ የመጠበቅ ኑሮ ሆነ፤ በክፉ እጅ ከመጣባቸው ይልቅ በሚወዳቸው እጅ የመጣባቸው ይበልጥ ነበር።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ቀና ብለው ስለማያዩ ከአንድ መምህር ጥፊ ቀምሰዋል፤ ቄሱ በመስቀል ሲባርኳቸው፣ አክስቶቻቸው ሊስሟቸው አንገታቸውን ሲያቅፉ፣ ጓደኞቻቸው ለጨዋታ ከኋላ ሲዘሉባቸው፣ እንደ ድመት ሸርተት ማለትን ለመዱ። ዘመድ ትዕቢተኛ አላቸው። እሳቸውም ይህን ስም ለማስተባበል አልደከሙም፤ ትዕቢተኛን ሰው አያቅፈውምና።

በሰኔ 1962 ዓ.ም. አቶ በቀለ ለአማኑኤል በአዲስ አበባ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና እንዲደረግ ቀጠሮ አስይዘው፣ ልጃቸውን ይዘው ሸዋ በር አውቶቡስ ውስጥ ገቡ። አባት ሻንጣውን ከጣሪያው ላይ ሲያስጭኑ አማኑኤል በሌላው በር ወርደው በጀጎል ግንብ ሥር አልፈው፣ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ወደ መንገድ አውጥተው በሚሰፉበት በመኪና ግርግር ከአንድ ጠረጴዛ ሥር ገብተው ተቀመጡ። ጠረጴዛው የአው ነስሮ ነበር፤ እኚህ «አው» እየተባሉ የሚከበሩ ሐረሪ አዛውንት የአብሮ አደጋቸው የዐብዱሰመድ አባት ነበሩ። አው ነስሮ ምንም ሳይጠይቁ አንድ ያልተጠቀለለ ሱሪ ወደ ታች ወረወሩላቸው። አቶ በቀለ እያለከለኩ ሲደርሱ የተባለው እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ ይወራል።

«ነስሮ፣ ልጄን አምጣ!»

«ልጅህ ሱሪ እየጠቀለለ ነው፣ ዶክተር። ሲጨርስ ይመጣል።»

«መቼ ነው የሚጨርሰው?»

«እኔ አርባ ዓመት ሰፋሁ፤ አልጨረስኩም።»

አማኑኤልም ከጠረጴዛው ሥር ሳይወጡ፣ በአሥራ ስድስት ዓመት ድምፃቸው፣ «አባዬ፣ ከእንግዲህ አንገቴን ማንም አይነካም» አሉ። አቶ በቀለ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተመልሰው ሄዱ። አውቶቡሱ ከነሻንጣቸው ሄዶ ነበር።

እንዲህ ሆኖ አቶ አማኑኤል ልብስ ሰፊ ሆኑ። አው ነስሮ የመኪናውን እግር በአንድ ወገን በእንጨት አስነሥተው ጠረጴዛውን ወደ ግራ ስላዘነበሉላቸው፣ ያ በየትም የማይመቸው አንገት ከመርፌው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ኮሌታ በመሥራት የሚተካከላቸው አልነበረም። አንድ ልማድ ነበራቸው፤ የደንበኛን አንገት በእጃቸው ለክተው አያውቁም። ሜትሩን ይሰጡና «አንገትዎን እርስዎ ይያዙልኝ» ይላሉ፤ ደንበኛው ራሱ ይጠመጥመዋል፣ እሳቸው ቁጥሩን ብቻ ያያሉ።

በ1963 ዓ.ም. እህታቸው ትዕግሥት ለትምህርት ወደ አውሮፓ ሄዳ በዚያው ቀረች። በአንድ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ የወንድሟ ነገር ምን እንደ ነበረ አንብባ ስትረዳ፣ ወጌሻዋ ወይዘሮ ዘምዘም በሁለት ጣት ያወቁትን እሷና አባቷ በመጽሐፍ እንዳበላሹት ገባት፤ ገጹን በወረቀት ላይ ገልብጣ፣ ከሥሩም «አንብበው» የሚል ቃል ጽፋ ለአባቷ ላከች። መልስ አልመጣም። ለእናቷ ቀብር ሳትደርስ ቀረች። ለአባቷ ቀብር ግን ሆን ብላ አልመጣችም።

አቶ አማኑኤል በ1968 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሙሉነሽ አሰፋ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። በሠርጉ ዕለት የሙሽሪት አክስት፣ «ሙሽራው የሚያገባው ልጅቷን ነው ወይስ ጫማዋን?» ብለው ድንኳኑን ሲያስቁ፣ ሙሽሪት በቬሏ ውስጥ ሆና፣ «የኔን ጫማ የሚያይልኝ አገኘሁ፣ የእርስዎን ማን አየልዎ?» በማለቷ አክስቲቱ እስከ መልሱ ድረስ አልተናገሩም።

በ1970 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሐረር አፋፍ በደረሰበት ወራት፣ የዘመቻ መዝጋቢዎች በመኪና ግርግር ሲያልፉ አቶ አማኑኤልን ከመኪናቸው አስነሡ። ዋናው መዝጋቢ፣ «ቀና በል!» አላቸው። «አልችልም፣ ጓድ» አሉ። «ጦርነት ሲመጣ የማያመው አንገት የለም» አለና አገጫቸውን በአንድ እጁ፣ ማጅራታቸውን በሌላው ያዘ። እጁን እንዲያነሣ ጮኸው ለመኑት፤ መዝጋቢው ግን የሚጮኽ ሰው ሁሉ የሚዋሽ ይመስለው ነበርና አጠበቀ። ያን ጊዜ ዐብዱሰመድና ስድስት ልብስ ሰፊዎች ካሉበት ተነሥተው ከበቡ። መቀሳቸውን የያዙት ለክፉ አልነበረም፤ ሲሠሩ ይዘውት ስለነበረ ነው። ይሁን እንጂ መቀስ መቀስ ነው። መዝጋቢው ሳይለቅ፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ የሰባት ወር ሆዳቸውን ደግፈው ከአቦከር ድረስ መጥተው ደረሱ። አንዱ ልብስ ሰፊ ሮጦ ነግሯቸው ነበር። ከነጠላቸው ውስጥ ያን የድሮ ራጅ አውጥተው ወደ ፀሐይ ዘረጉት። መዝጋቢው አንጋጦ፣ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ቢል፣ «ባሌ ነው» አሉት። በአንገቱ ላይ የበቀለውን አጥንት ተመለከተ። ከዚያ እጁን ከአንገታቸው ላይ አነሣ፤ በሱሪውም ጠረገው። አቶ አማኑኤል ለአርባ ቀን በየማለዳው ከእንቅልፋቸው ሲነቁ፣ ከሁሉ በፊት አፋቸውን ከፍተው መንጋጋቸው መከፈቱን ያረጋግጡ ነበር። በእግዚአብሔር ቸርነት አልተቆለፈም።

ከዚህ ትዳር ሰላማዊትና ጌታነህ የሚባሉ ሁለት ልጆችን አፍርተዋል። ወይዘሮ የሺመቤት በ1976 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ አቶ በቀለ በስኳር በሽታ ዓይናቸው በመጥፋቱ፣ በ1983 ዓ.ም. አቶ አማኑኤል ወደ ቤታቸው አስገቧቸው። ትዕግሥት ከባሕር ማዶ፣ «ምን አድርጎልህ ነው የምትጦረው?» ብላ ብትጽፍ፣ «ቤቱ ይበቃናል» የሚል አንድ መሥመር መለሱላት። አባታቸው በ1987 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አራት ዓመት ጦሩ።

እህታቸው በጥር 2017 ዓ.ም. ጨርሳ ወደ አገሯ ተመለሰች። በሸዋ በር ከሚኒባስ ስትወርድ በአንገታቸው ልትጠመጠምባቸው እጇን ዘርግታ፣ አስታወሰችና በመካከል አቆመችው። እሳቸውም «አሁን ገና ብልህ ሆንሽ» ብለው እጇን ጨብጠው ሳሙት። በሚያዝያ ወር ምግብ እንቢ አላቸው። ሲመረመሩ የጨጓራ ካንሰር ነበር። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ዕድሜ ሊጨምር እንደሚችል ተናገሩ፤ ነገር ግን ለማደንዘዝ በጉሮሮ ቱቦ ማስገባት፣ ለዚያም አንገትን ወደ ኋላ ማቅናት ያስፈልጋል። የሰመመን ሐኪሟ ዶክተር ሐሚዳ፣ ዕድሜዋ ከሠላሳ የማይበልጥ ልጅ፣ ከወንበሯ ተነሥታ ከፊታቸው በርከክ አለችና፣ ዓይናቸው ከሚያርፍበት ቦታ ላይ ሆና፣ «አባባ፣ አንገትዎን ብዳስሰው ይፈቅዱልኛል?» አለቻቸው።

በስልሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ከነጭ ጋዋን ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልወጣም ነበር። «ስለ ጠየቅሽኝ እግዜር ይስጥሽ። አልፈቅድም» አሉ። ዶክተሯ ሁለት እጆቿን ኪሷ ከታ፣ «እሺ፣ አባባ። እንግዲያው ፎቶው ይነግረኛል» አለች። ፎቶውም ቀዶ ጥገናው በሐረር እንደማይቻል፣ በአዲስ አበባ ግን ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ መሞከር እንደሚቻል፣ ለአንገቱ ግን ማንም ዋስ ሊሆን እንደማይችል ነገራቸው።

ከዚህ በኋላ በቤቱ ውስጥ የነበረው ሦስት ሳምንት ለማንም አይመኙለትም። ሰላማዊት አልቅሳ ለመነች። ጌታነህ መኪና ተከራይቶ በር ላይ አቁሞ፣ «አባዬን ተሸክሜም ቢሆን እወስደዋለሁ» ሲል፣ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጠው የነበሩት አቶ ዐብዱሰመድ፣ «ተሸክመህ? በየት በኩል ይዘህ?» አሉት፤ መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ትዕግሥት ግን ጮኻ አታውቅምና አልጮኸችም። የሚሳካው ከመቶ ስንቱ እንደሆነ፣ ያለ ሕክምና የሚቀረው ስንት ወር እንደሆነ የሚያሳዩ ወረቀቶች አሳትማ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ አንድ በአንድ ታነብላቸው ጀመር። እስከ መካከሉ ሰሟትና፣ «እትዬ፣ ደግሞ ልትቆጥሪልኝ ነው?» አሏት።

ወረቀቶቹን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ቤት ስለ አዲስ አበባ የተነሣ ነገር የለም። ትክክል እሳቸው ይሁኑ ወይም ወረቀቶቹ፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

አቶ አማኑኤል እስከ ነሐሴ መጨረሻ በመኪና ግርግር ከመኪናቸው ፊት ተቀምጠው ሠርተዋል። እስከ መጨረሻው ሳምንት አፋቸው ተከፍቶ፣ ሾርባቸውን በገዛ እጃቸው ይዘው ጠጥተዋል፤ ያን ሁሉ ዘመን የታገሉትም ለዚህ ነበር። ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት ዐረፉ። ሣጥኑ በመጣ ጊዜ ራስጌው ስለ ጠበበ፣ ከገናዦቹ አንዱ «ትንሽ ገፋ ብናደርገው ይገባል፣ አሁን እንደሆነ አያመውም» ቢል፣ አቶ ዐብዱሰመድ ከደጅ ሆነው ሰምተው ሜትራቸውን ከትከሻቸው አወረዱና፣ አስከሬኑን ሳይነኩ ለክተው፣ አናጢውን ከሣጥኑ ጋር መለሱት። በፊታችሁ ያለው ሣጥን በራስጌው ግራ ወገን ወጣ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አናጢው እስኪመለስ ሲጠበቅ፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ ለትዕግሥት አንድ ነገር ነገሯት። አቶ በቀለ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ በዚያ ቤት በኖሩባቸው አራት ዓመታት፣ በየማለዳው ግድግዳውን እየዳበሱ መጥተው፣ ልጃቸው ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት ሻይ ከሚጠጡበት ወንበር ኋላ ይቆሙ ነበር። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው በዚያ አጥንት ላይ ያሳርፉታል። አቶ አማኑኤል አይሸሹም። ሻዩ እስኪያልቅ እጁ እዚያው ይቆያል። ሚስታቸውን እንኳ ያላስነኩትን ለምን ለዚያ እጅ እንደ ፈቀዱ ወይዘሮ ሙሉነሽ አንድ ቀን ጠይቀዋቸው ነበር። «ዓይን የለው» አሏቸው፤ «የሠራውን በምን ይየው?»

አቶ አማኑኤል በቀለ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሙሉነሽ አሰፋን፣ ልጆቻቸውን ሰላማዊትንና ጌታነህን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ ወንድማቸው የሆኑትን አቶ ዐብዱሰመድ ነስሮን፣ እንዲሁም ይህን የጻፈችውንና አባቷን እስከ ትናንት ከሰዓት በኋላ ድረስ ይቅር ያላለችውን፣ ዛሬም የምትችል መሆኗን የማታውቀውን ታላቅ እህታቸውን ትዕግሥትን ትተው አልፈዋል።

ቸሩ አምላክ የአገልጋዩን የአማኑኤልን ነፍስ ከቅዱሳኑ ጋር ያሳርፍልን፤ አንገታቸውንም ማንም በግድ በማያቀናበት ስፍራ እሱ ራሱ ቀና ያድርግላቸው። የአባታቸውንም የበቀለን ነፍስ ይማር። ለሐዘንተኞች ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።